የአባት ጠመንጃ ለአንዱ ልጅ ሲቀር ዋጋው በምን ይተመናል?

ጥያቄ፦ አባታችን ባለፈው ዓመት አረፉ። ዘጌ ባለው ቤታችን አንድ አሮጌ የአደን ጠመንጃ ትተዋል፤ የአካባቢው ሰው «በልጅግ» ይለዋል። የገዙት እናታችንን ካገቡ በኋላ ነው፤ ፈቃዱም በስማቸው ነበር። እናታችን በሕይወት አሉ፤ ልጆቹ ሦስት ነን። ታላቅ ወንድማችን «ደላላ 180,000 ብር ገምቶታል፤ እኔ ልውሰደውና ለሁለታችሁ 60,000፣ 60,000 ልስጣችሁ» ይላል። ዋጋው ትክክል ነው? ወረቀቱንስ እንዴት እንጻፈው? (ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

መልስ፦ እህታችን፣ የአባትዎን ነፍስ ይማር። ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ጠመንጃው ካለበት አይነቃነቅ። «ሰው አይቶ ይገምተው» ብላችሁ በጀልባም ሆነ በመኪና ወደ ባሕር ዳር ካመጣችሁት፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስ ይሆንባችኋል። ፈቃዱ የተሰጠው ለአባትዎ ነው፤ እንደ ከብት ወይም እንደ ቤት ዕቃ ለልጅ አይወረስም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያን ያለ ፈቃድ ለሌላ ማስተላለፍ የተከለከለ ነው፤ በወንድማማች መካከልም ቢሆን። ስለዚህ የአባትዎን ሞትና መሣሪያው ያለበትን ቦታ ፈቃዱን ለሰጠው የፖሊስ ወይም የጸጥታ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አሳውቁ። «አስረክቡ» ከተባላችሁ በደረሰኝ አስረክቡ፤ ደረሰኙ ላይ የጠመንጃው መለያ ቁጥር መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ።

ቀጥሎ ክፍፍሉ። የወንድምዎ ስሌት ተሳስቷል፤ የተጎዱት ደግሞ እናትዎ ናቸው። በጋብቻ ውስጥ የተገዛ ንብረት የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የባልና ሚስት የጋራ ነው። ግማሹ መጀመሪያውኑ የእናትዎ ስለሆነ ውርስ ውስጥ አይገባም። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል የሚካፈሉት ቀሪውን ግማሽ ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 842)። ግምቱ 180,000 ብር ነው ብንል እንኳ ለእናትዎ 90,000፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 30,000 ይደርሳል። ወንድምዎ መክፈል ያለባቸው 120,000 ሳይሆን 150,000 ብር ነው። የእርስዎ ድርሻ በግማሽ መቀነሱ ደስ እንደማያሰኝ አውቃለሁ፤ ሆኖም እናትን ዘልሎ የተደረገ ክፍፍል ነገ ይፈርሳል። አባትዎ ጠመንጃውን ከአያትዎ ወርሰውት ቢሆን ኖሮ የግል ንብረታቸው ስለሚሆን የወንድምዎ ስሌት ልክ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ዋጋው። ደላላው የነገራችሁ ብዙ ጊዜ ያለ ወረቀት በጓሮ የሚሸጥበትን ዋጋ ነው። በዚያ ዋጋ ውስጥ የጊዜው ስጋት አለ፣ የደላላው ድርሻም አለ። ዕቃው ሕገ ወጥ የሆነ ውል ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1716 መሠረት ስለማይጸና፣ በእንዲህ ያለ ገበያ የተባለ ቁጥር ለውርስ ግምት መነሻ አይሆንም። መነሻ የሚሆነው በፈቃድ የተላለፉ ተመሳሳይ ጠመንጃዎች የተከፈለባቸው ገንዘብ ነው። የተጠየቀው ሳይሆን የተከፈለው። ሁለት ሦስት ካገኛችሁ ይበቃል፤ ጥይትና ዝናር አብሮ የተሸጠበት ከሆነ የእነሱን ዋጋ ቀንሱ።

«በልጅግ» የሚለው ስም ብቻውን ዋጋ አይነግርም፤ የቤልጂየም ሥራ መሆኑን እንጂ። ብረቱ ላይ የተመታውን ማኅተም እዩ። የቤልጂየሟ የሊዬዥ ከተማ የፍተሻ ማኅተም ሞላላ ክብ ውስጥ ፊደላትና ኮከብ ያለበት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1893 ወዲህ በላዩ ዘውድ ተጨምሯል። ከዚያ መለያ ቁጥሩን በሦስት ቦታ አመሳክሩ፦ በበርሜሉ፣ በአካሉና ጥይቱን ገፍቶ በሚቆልፈው መዝጊያ ብረት ላይ። ቁጥሮቹ ከገጠሙ ዋጋው ይጨምራል። መዝጊያው የሌላ ጠመንጃ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከዋጋም በላይ ነው፤ ጥይቱ በልኩ ካልተያዘ ሲተኮስ ቀለሁ ሊቀደድና ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ቁጥሩ በሞረድ ተፍቆ ካገኛችሁት ግምቱን አቁሙና ለፖሊስ አሳውቁ።

የውስጡን ሁኔታ የሚያየው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ወይም የጽሕፈት ቤቱ ሰው ይሁን። መጀመሪያ ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል፣ መዝጊያው ይወጣል፣ ከዚያ በአፈሙዙ በኩል መብራት ተይዞ ከኋላ ይታያል። በበርሜሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ መስመር ስል ሆኖ እስከ ጫፍ ከታየ ጥሩ ነው። የተቦረቦረና የጠቆረ ከሆነ በአብዛኛው የአሮጌ ጥይት መዘዝ ነው፤ የድሮ ጥይት መለኮሻ ጨው ትቶ ይሄዳል፣ ጨው ደግሞ እንደ ጣና ዳር ያለውን እርጥበት ይስባል። ዘይት ጨውን ስለማያሟሟ፣ ዘይት ብቻ እየተቀባ የኖረ ጠመንጃ ላዩ አብረቅርቆ ውስጡ ተበልቶ ይገኛል። በብረት ዘንግ ከአፈሙዝ በኩል ለዓመታት የተጠረገም ጫፉ ስለሚሰፋ ዒላማ ይስታል። እንጨቱ ሰደፉ በሚቀጥንበት ቦታ ተሰንጥቆ በሽቦ ከታሰረ፣ ወይም የጦር ጠመንጃ ተቆርጦ የአደን ከተደረገ፣ የጥንት ዕቃነቱ ዋጋ ወድቋል፤ በቀለምና በቫርኒሽ አይመለስም።

በርሜሉ ላይ 7.92 ወይም 8 በ57 የሚል ካለ አንድ ጥያቄ ይቀራል። በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት የጥይት ልኮች አሉ፤ የቀድሞው አረር ወደ 8.1 ሚሊ ሜትር፣ እ.ኤ.አ. በ1905 የመጣው ወደ 8.2 ሚሊ ሜትር ነው። ከ1905 በኋላም በጠባቡ ልክ የተሠሩ የአደን ጠመንጃዎች አሉ። ሰፊው በጠባቡ በርሜል ሲተኮስ ግፊቱ ከልክ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ልኩ ሳይለካ «ተኩሰን እንሞክረው» የሚባል ነገር አይኑር፤ ጠባብ ሆኖ ከተገኘም ጥይቱን ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ የተኩስ ዋጋው ዝቅ ይበል።

በዋጋው ካልተስማማችሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2271 ዋጋን ለሦስተኛ ወገን ግምት መተው ይፈቅዳል። ገማቹ ከወንድምዎም ከደላላውም ጥቅም የሌለው ሰው ይሁን፤ ያየውን ጉድለት በጽሑፍ ዘርዝሮ ይፈርም።

ለወረቀቱ መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ከወረዳ ፍርድ ቤት አውጡ (ቁጥር 996)። በስምምነቱ የጠመንጃው ሥሪት፣ ልክ፣ መለያ ቁጥርና የታዩት ጉድለቶች ሁሉ ይጻፉ። ከዚያ ይህ አንቀጽ ይግባበት፦ «ይህ ስምምነት የሚጸናው ተረካቢው በስሙ ፈቃድ ሲያገኝ ብቻ ነው፤ እስከዚያ ጠመንጃውም ሆነ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ፈቃድ ከተከለከለ ማንም ለማንም ዕዳ የለበትም።» ሁላችሁም ከሁለት ምስክሮች ጋር ፈርሙ። ክፍያው በባንክ ይሁን፤ የእናትዎ ድርሻ በራሳቸው ሒሳብ ይግባ እንጂ በልጅ ሒሳብ በኩል አይለፍ። ከመፈረማቸው በፊት ጽሑፉ ቀስ ብሎ ይነበብላቸው። ዋጋ ማነሱ ብቻውን ውል አያፈርስም፤ ነገር ግን የሰውን ችግር፣ የዋህነት ወይም እርጅና መጠቀሚያ አድርጎ የተፈረመ ውል በቁጥር 1710 ንዑስ ቁጥር 2 ሊፈርስ ይችላል።

ጠመንጃው ከሊዬዥ ማኅተሙ ዘውድ ሌላ የንጉሥ ዘውድ ወይም የስም ምልክት ካለበት፣ ወይም የታወቀ የታሪክ ሰው የያዘው መሆኑ የሚታወቅ ከሆነ፣ ከመፈራረማችሁ በፊት የባህልና ቱሪዝም ቢሮን ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሆነን ዕቃ ለሌላ ለማስተላለፍ አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ በሽያጭ ከሆነም መንግሥት ቅድሚያ የመግዛት መብት አለው። ወንድምዎ ሊያድኑበት ካሰቡ ደግሞ የመሣሪያው ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም፤ እሱ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ለብቻው ይወጣል።