ሰዓቱን ሳይሆን ታይም ዞኑን ቀይሩ

ወንድማችን፣ አዳማ ባለው ቢሮህ ዶሜይን (ኮምፒውተሮችን ከአንድ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሥርዓት) ውስጥ ያልገቡት 30 የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰዓታቸው አልገጥም እንዳለ፣ አንዳንዱ በደቂቃ፣ አንዳንዱ ልክ በ6 ሰዓት እንደሚለያይ ጠይቀሃል።

የ6 ሰዓቱ የማሽን ብልሽት አይደለም። ሠራተኛው ጠዋት 8:00 የሚለውን አይቶ «ሁለት ሰዓት ነው እኮ!» ብሎ በእጁ 2:00 አድርጎታል። ኮምፒውተር በውስጡ የሚቆጥረው ዓለም አቀፉን ሰዓት ስለሆነ፣ ታይም ዞኑ ሳይነካ እንዲህ ሲደረግ ማሽኑ በእውነት 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ሼር ፎልደር ላይ አዲሱ ፋይል ያረጀ ይመስላል፤ ባክአፕ ፕሮግራሙም አዲሱን ዘሎ ያልፋል። ወደፊት ዶሜይን ብታስገባ ደግሞ ከ5 ደቂቃ በላይ የተለያየ ማሽን መግባት ይከለከላል። ታይም ዞኑ ሁሉም ላይ ናይሮቢ ይሁን፤ ዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የሚል የለም። በሐበሻ ሰዓት ካላየሁ የሚል ካለ ሰዓቱን ትቶ ታይም ዞኑን ቦነስ አይረስ ያድርግ፤ የእኛ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ሲደመር 3፣ የእሱ ሲቀነስ 3 ስለሆነ የ6 ሰዓቱ ልዩነት ልክ ይመጣል። ሒሳብ የሚሠራበት ማሽን ላይ ግን አትፍቀድ፤ ሪፖርት ላይ የሚታተመው ሰዓትም አብሮ ይዞራል።

የደቂቃው ልዩነት ማዘርቦርዱ ላይ ሰዓት ከሚቆጥረው ክሪስታል ነው። በሚሊዮን 20 ብቻ ቢሳሳት በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር 50 ሰከንድ ግድም ይሆናል። ለዚህ አንድ የሊኑክስ ማሽን ላይ ክሮኒ የተባለውን ሰዓት አስተካካይ ፕሮግራም ጫን፤ ከኤንቲፒ ፑል (ትክክለኛ ሰዓት በኢንተርኔት የሚሰጡ ሰርቨሮች ስብስብ) የአፍሪካ ዞን ከ0 እስከ 3 ያሉትን አራቱን አድራሻዎች ስጠው። ሁለት ብቻ ከሰጠኸው ሲለያዩ የትኛው እንደተሳሳተ መለየት አይችልም። የቢሮህን ኔትወርክ ፍቀድለት፣ ፋየርዎሉ ላይ የሰዓት ጥያቄ የሚያልፍበትን ፖርት ዩዲፒ 123ን ክፈት፤ ከዚያ ኮምፒውተሮቹ ላይ ኮንትሮል ፓነል ገብተህ ኢንተርኔት ታይም የሚለው ቦታ የዚህን ማሽን አይፒ ጻፍ።

ኢንተርኔት ሲቋረጥም እንዳይበተኑ ክሮኒ ላይ የ«ሎካል ስትራተም 10» መስመር ጨምር፤ ኔት ባይኖርም የራሱን ሰዓት ማደሉን ይቀጥላል። ይህ መስመር አደጋም አለው። የሰርቨሩ የማዘርቦርድ ባትሪ ከደከመ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኔት ከሌለ፣ የተሳሳተውን ሰዓት ለሁሉም ያድላል። ስለዚህ አስቀድመህ ሲአር 2032 ባትሪውን ለካ፤ አዲሱ 3 ቮልት ነው፣ ከ2.7 በታች ከወረደ ቀይረው።

ባትሪው ሞቶ በአሮጌ ዓመት የሚነሣ ዊንዶውስ ካለህ ሲንክ (ሰዓቱን ከሰርቨሩ ጋር ማስተካከል) በራሱ አያድነውም፤ ከ15 ሰዓት በላይ የሆነ ልዩነትን አይቀበልም። ባትሪውን ቀይረህ ቀኑን በእጅህ አቀራርብ፣ ከዚያ ሲንክ አድርግ።

መሥራቱን የምታየው በክሮኒ የምንጮች ዝርዝር ላይ ነው። ከአንዱ አድራሻ ፊት ኮከብ ካለ ከእሱ እየወሰደ ነው። ሪች የሚለው 377 ከሆነ የመጨረሻዎቹ ስምንት ጥያቄዎች በሙሉ ተመልሰዋል፤ 0 ላይ ከቆመ ግን መጀመሪያ ፋየርዎሉን ወይም ራውተሩን እይ።