በቀን አንድ ግንብ ይበቃል

ሰኔ ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ከስቶክሆልምም ከፍራንክፈርትም የሚደውሉልኝ ወዳጆች ጥያቄያቸው አንድ ነው። "ፈረንሳይ ልንሄድ ነው፣ ምን እንይ?" ብዙዎቹ እቅዳቸውን ጨርሰው ነው የሚደውሉት። ሁለት ቀን ፓሪስ፣ አይፍል ማማ ስር ፎቶ፣ ዘመድ ቤት ምሳ፣ ከዚያ ሰኞ ሥራ። የኔም መልስ ሁሌ ያው ነው። ባቡር ያዙና ብሎዋ ከተማ ውረዱ። ብስክሌት ተከራዩ። የሎዋርን ወንዝ ይዛችሁ፣ በዳርቻው ያሉትን የድሮ ነገሥታት ግንቦች እያያችሁ አራት ቀን ንዱ።

"በዚህ ዕድሜዬ ሳይክል?" ይሉኛል። እኔ በ38 ዓመቴ ነው የጀመርኩት። አዲስ አበባ ልጅ ሆኜ በሰዓት ከምንከራያት ብስክሌት ወዲህ ፔዳል ረግጬ አላውቅም ነበር። ጭራሽ መንዳት የማትችሉም ካላችሁ አይክበዳችሁ። በተለይ ብዙ እህቶቻችን በልጅነታቸው ዕድሉን አላገኙም። በአውሮፓ ብዙ ከተሞች ውስጥ አዋቂዎችን ከዜሮ የሚያስተምሩ የብስክሌት ማኅበራት አሉ። የምትኖሩበትን ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። ክረምቱን ተምራችሁ በግንቦት መውጣት ትችላላችሁ።

ሎዋር የፈረንሳይ ረጅሙ ወንዝ ነው፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። እሱን ተከትሎ ለብስክሌተኛ የተዘጋጀ 900 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ከኔቬር ከተማ አካባቢ ተነስቶ አትላንቲክ ዳር ያልቃል። ፈረንሳዮቹ "ላ ሎዋር አ ቬሎ" ይሉታል፣ ሎዋር በብስክሌት እንደማለት። በየመገንጠያው ምልክት ስላለው መጥፋት ይከብዳል። አንዳንዱ ቦታ መኪና የማይገባበት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ መኪና አልፎ አልፎ ብቻ የሚያልፍበት የገጠር አስፋልት።

ግንቦቹ ለምን እዚህ ተሰበሰቡ? ከእንግሊዝ ጋር በነበረው የመቶ ዓመት ጦርነት ፓሪስ ከእጃቸው ስትወጣ የፈረንሳይ ነገሥታት ወደዚህ ሸሹ። በኋላ የፈረንሳይን ጦር ይዛ የዘመተችው ወጣት ዣን ዳርክ በ1429 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ገና ዘውድ ያልደፋውን ሻርል 7ኛን ያገኘችው እዚሁ ሺኖን ግንብ ውስጥ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅም አገሩን ወደዱትና ቆዩ። ደኑ ለአደን ይመቻል፣ ወንዙ ድንጋይና እህል ያመላልሳል። መኳንንቱም ንጉሡን ተከትለው በየአካባቢው ገነቡ። ስለዚህ ዛሬ አንዱን ግንብ አይታችሁ ሳትደክሙ ሌላው ይደርስላችኋል።

ፈተናውም እዚሁ ላይ ነው። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ በአንድ ቀን ሦስት ግንብ እናያለን ብለን ተነሳን። አንደኛውን በሩጫ አየን። ሁለተኛው ጋ ምሳችንን ቆመን በላን። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ ትኬት መሸጫው ተዘግቷል። እግራችን ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ ሣሩ ላይ ቁጭ አለችና "ይሄ እረፍት ነው ወይስ ሌላ ፈረቃ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ውጭ አገር ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። ሁለት ሥራ ለምደን፣ እረፍትንም እንደ ሥራ እንጨርሰዋለን። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ሕግ ሆነ፤ በቀን አንድ ግንብ፣ ከ45 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ።

የምመክራችሁ ጉዞ ይህ ነው። ከፓሪስ ኦስተርሊትዝ ጣቢያ ተነስታችሁ ብሎዋ ትወርዳላችሁ። የመጀመሪያው ቀን ሻምቦር ግንብ ነው፣ ወደ 17 ኪሎ ሜትር መሄድ፣ ያንኑ ያህል መመለስ። ሁለተኛው ቀን በሾሞን በኩል ወደ አምቧዝ፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሦስተኛው ቀን ከአምቧዝ ወደ ሸኖንሶ ግንብ፣ በደን ውስጥ 15 ኪሎ ሜትር ያህል። ከከተማው ስትወጡ ዳገት አለችው። አራተኛው ቀን ወደ ቱር ከተማ፣ ከዚያ ባቡር። ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከምዕራብ ስለሚመጣ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። ጠዋት በጊዜ ውጡ። ከሰዓት ነፋስ ከተነሳ 10 ኪሎ ሜትሩ 20 ይሆንባችኋል።

ሻምቦርን ከሩቅ አታዩትም። በ32 ኪሎ ሜትር አጥር የተከበበ ደን ውስጥ ነው፣ የደኑ ስፋት ከፓሪስ ከተማ ጋር የሚቀራረብ። ዛፉ በድንገት ያልቅና ግንቡ ሜዳው ላይ ብቻውን ቆሞ ይጠብቃችኋል። ንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ በ1519 ያስጀመረው ነው፤ እሱ ራሱ ግን በዕድሜው ሙሉ የኖረበት ጊዜ ተደምሮ ጥቂት ሳምንት ቢሆን ነው። መሃሉ ላይ ያለውን ደረጃ ሳትወጡ እንዳትመለሱ። ደረጃው ሁለት ነው። እንደ ተገመደ ገመድ አንዱ በሌላው ላይ ይጠመዘዛል። ልጄ በአንዱ ወጣች፣ እኔ በሌላው። በመሃል ባሉት ክፍት ቦታዎች ፊቷ ብቅ ይላል፣ ትስቃለች፣ እጇን ታወዛውዛለች። ግን አንገናኝም። ሰገነቱ ላይ ስንደርስ ነው የተያያዝነው።

እዚያ ላይ ነው "አባዬ፣ እኛ አገርስ አለ?" ያለችኝ። ስልኬን አውጥቼ የፋሲልን ግንብ አሳየኋት። ሻምቦር ከተጀመረ መቶ ዓመት ግድም ቆይቶ ጎንደር ላይ የተሠራ፣ እሱም በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበ። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን ፎቶ አዘጋጁ። ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሻምቦር የመንግሥት ስለሆነ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ይገባል። አዜ ለ ሪዶ የተባለው ሌላው ግንብም እንዲሁ። ሸኖንሶ ግን የግል ነው፤ ለልጅም ይከፈላል። ልጅ የበዛበት ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ቢያስብ ጥሩ ነው።

ስለ ብስክሌቱ። ውድ የውድድር ብስክሌት አያስፈልጋችሁም። እንዲያውም ቀጭን ጎማ እዚህ መንገድ ላይ ያስቸግራል፣ ጠጠር የለበሰ ቦታ አለና። ወፈር ያለ ጎማ፣ ጥሩ ፍሬን፣ በደንብ የሚቀያየር ማርሽ ይበቃል። ከኪራይ ቤቱ ከመውጣታችሁ በፊት ግቢው ውስጥ አንድ ሁለት ዙር ንዱት። አንድ ጊዜ ተጣድፌ ሳልፈትሽ ወጥቼ፣ የኋላ ፍሬኑ እንደማይዝ ቁልቁለት ላይ ነው ያወቅኩት። አጥር ተደግፌ ቆምኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የኮርቻውን ከፍታም አስተካክሉ። ቁጭ ብላችሁ ፔዳሉ ታች ሲሆን እግራችሁ ሊዘረጋ ትንሽ መቅረት አለበት። ዝቅ ካለ ጉልበታችሁ ማታ አያስተኛችሁም። እናት ወይም አባት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በባትሪ የሚታገዘውን ተከራዩላቸው። ሞተሩ በሰዓት እስከ 25 ኪሎ ሜትር ያግዛል፣ ከዚያ በላይ ይተዋል። የአምቧዝን ዳገት ሲወጡ ይመርቋችኋል።

ሕጉንም እወቁ። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ሄልሜት መንዳት ክልክል ነው። ለትልቅ ሰው ግዴታ ባይሆንም እኔ ያለ ሄልሜት አልወጣም። ጆሮ ላይ የሚሰካ ማዳመጫም ሆነ በእጅ የተያዘ ስልክ 135 ዩሮ ያስቀጣል። ከከተማ ውጭ ሲመሽ ወይም ጭጋግ ሲሆን የሚያንጸባርቅ ሰደርያ መልበስ ግዴታ ነው። መኪናው ደግሞ ከከተማ ውጭ ሲያልፋችሁ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት። ችግር ቢመጣ 112 ደውሉ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ወንዙ ውስጥ አትግቡ። ሎዋር በበጋ ጉልበት ድረስ ብቻ ይመስላል። አሸዋው ደሴት ሠርቶ ይታያል፣ ልጆች ይጓጓሉ። ያ አሸዋ ግን ከሥር ይንሸራተታል፣ ጉድጓዱ አይታይም፣ ውሃው ከላይ የረጋ መስሎ ከታች ይወስዳል። በየዓመቱ ሰው ይሞትበታል። እግራችሁን ማቀዝቀዝ ከፈለጋችሁ የከተማ መዋኛ ገንዳ ፈልጉ።

ምግብ ላይ ገጠሩ ያስደነግጣል። ምሳ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ነው፤ በኛ አቆጣጠር ከ6 እስከ 8። በነሱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ብትደርሱ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል። እሑድ ከሰዓትና ሰኞ ብዙ ሱቅ አይከፈትም። ኦገስት 15 ደግሞ በዓላቸው ነው። በዓሉ የሚውለው እኛ ፍልሰታ ላይ ሳለን ነው። ብዙ ሰው ፈቃድ የሚወስደው በዚሁ ሰሞን ስለሆነ የጾም ነገር ይጠየቃል። መልሱ ዳቦ ቤት ነው። "ባጌት ትራዲሲዮን" በሉ። በ1993 በወጣ ደንብ የሚጋገር ስለሆነ ቅቤም ወተትም አይገባበትም። ክሩዋሳን ግን ቅቤ ነው፣ እንዳትሸወዱ። ባጌቱን ከቲማቲምና ከፍራፍሬ ጋር ይዛችሁ ወንዝ ዳር መቀመጥ ነው። ሌላው ስንቄ በሶ ነው። ጠዋት ከውሃ ጋር በጥብጬ አንዱን የውሃ ኮዳ እሞላለሁ። በሱቅ ከሚሸጠው የስፖርተኛ ጣፋጭ ይልቅ ሆድ ይዞ የሚያደርሰኝ እሱ ነው። ቆሎም ኪስ ውስጥ አይጠፋም።

ውሃ ቢያልቅባችሁ የመንደር መቃብር ቦታ ቧንቧ አለው። ለኛ ሰው መቃብር ገብቶ ውሃ መቅዳት ደስ አይልም፤ እኔም መጀመሪያ ከብዶኛል። የአገሩ ብስክሌተኞች ግን ሁሌ የሚያደርጉት ነው። "ኖን ፖታብል" የሚል ከተጻፈበት ብቻ አትጠጡ። ማንም ጋ ስትገቡ ደግሞ "ቦንዡር" ቀድማችሁ በሉ። ሰላም ሳይሉ ጥያቄ መጀመር እኛም አገር ነውር ነው።

ወረቀት ላይ አትዘናጉ። በሼንገን አገር፣ ማለትም የጋራ ቪዛ ካላቸው የአውሮፓ አገሮች በአንዱ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ፓስፖርቱንና ካርዱን ይዞ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መንቀሳቀስ ይችላል። ዋናዎቹን ሰውነታችሁ ላይ ያዙ፣ ብስክሌቱ ላይ በሚንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ አትተዉ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የምትመጡ ግን መኖሪያ ፈቃድ ቢኖራችሁም ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ማመልከቻውን ከ6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። በአውሮፓ የምትኖሩ የጤና ካርዳችሁን አትርሱ። የባቡር ትኬት ስትቆርጡ ለብስክሌቱ ቦታ መኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ፣ በበጋ ቶሎ ያልቃል።

አምቧዝ ግንብ ውስጥ ትንሽ ቆም በሉ። ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ የመጨረሻ ሦስት ዓመቱን ከዚህ አጠገብ ባለ ቤት ኖሮ በ1519 ያረፈው እዚያው ቤት ነው። መቃብሩ ግንቡ ግቢ ውስጥ ባለችው ቤተ ጸሎት ነው። በዚሁ ግንብ ሻርል 8ኛ የተባለው ንጉሥ በ1498 የኳስ ጨዋታ ሊያይ ሲቻኮል ግንባሩን ከበር ጉበን ጋር አጋጭቶ በሰዓታት ውስጥ ሞተ። ገና 27 ዓመቱ ነበር።

ሸኖንሶን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምወደው ነው። ግንቡ ሼር በሚባል ወንዝ ላይ እንደ ድልድይ ተሻግሮ የተሠራ ነው። ወንዙ ላይ ያለው አዳራሽ ርዝመቱ 60 ሜትር ነው፤ ወለሉ ጥቁርና ነጭ፣ መስኮቶቹ ውሃውን ያሳያሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሆስፒታል ሆኖ ከ2,000 በላይ ቁስለኞች ታክመውበታል። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ከ1940 በኋላ ጀርመን የያዘው አገርና ያልያዘው የሚለዩት በዚሁ ወንዝ ነበር። የግንቡ ዋና በር በተያዘው በኩል፣ የአዳራሹ ጫፍ በር በነፃው በኩል። ሰዎች በዚህ አዳራሽ አቋርጠው አመለጡ።

ይህን ለአንድ ወዳጄ እዚያው ቆሜ ነገርኩት። በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ነው። ስለዚያ መንገድ ብዙ አያወራም። ምንም አልመለሰልኝም። አዳራሹን ቀስ ብሎ ተራመደው፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ሲያነሳ እሱ መስኮቱንም አላየ። የዚያን ቀን የጫፉ በር ክፍት ነበር። ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ወደ ኋላ አየና ወጣ። ተከትዬው ስወጣ ማዶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጫማውን እያወለቀ ነው። ከኮዳው በሶ ቀዳልኝ። ግንቡን ከዚያ ማዶ እያየን እስኪመሽ ድረስ ተቀመጥን።