የማያዎቹ የእንጨት ግርግም፦ ከመግዛትሽ በፊት ገልብጠሽ እዪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ቨርጂኒያ አንድ የገና ባዛር ላይ «በማያ ባለሙያዎች በእጅ የተቀረጸ፣ ጓቲማላ» የሚል ወረቀት የተንጠለጠለበት የጌታችንን ልደት የሚያሳይ የእንጨት ቅርጽ ስብስብ (ግርግም) አይተሻል፤ አሥራ አንድ ቁራጭ፣ በ140 ዶላር። ማያዎች የመካከለኛው አሜሪካዋ አገር የጓቲማላ ነባር ሕዝብ ናቸው። እውነት የእጅ ሥራ ነው ወይ፣ ክረምት ሂተር ሲበራ አይሰነጠቅም ወይ፣ ኦርቶዶክስ ቤት ውስጥ ማስቀመጡስ ነውር የለውም ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እዚህ ሜሪላንድ የጓቲማላ የእጅ ሥራ በሚያስመጣ ሱቅ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ዕቃ ለመምረጥም እዚያው ድረስ እሄድ ነበር። የማውቀውን ልጻፍልሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።

የእጅ ሥራ መሆኑን የምታውቂው ከፊቱ ሳይሆን ከሥሩ ነው። ፊቱን ብርጭቆ ወረቀትና ቀለም ስለሚያልፍበት ሁሉም ያምራል። ገልብጪውና እዪ። የእውነት እንጨት ከሆነ በማርያም ቀሚስ ላይ ቁልቁል የወረደው መስመር ሥሩ ላይ የግንዱ ክብ የዕድሜ ቀለበት ሆኖ ይወጣል። በፎርማ የፈሰሰ ሬዚን (እንደ ፕላስቲክ ያለ ነገር) ላይ ግን የውሸቱ መስመር ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ ወይም ሥሩ ጭራሽ ልሙጥ ነው። ቀጥሎ በክንድና በደረት መካከል፣ በበጉ ሆድ ሥር፣ በሰብአ ሰገል ካባ እጥፋት ውስጥ ጣትሽን አስገቢ። እዚያ ብርጭቆ ወረቀት አይደርስም፤ መሮ ያረፈበት ቦታ አጭር አጭር ጠፍጣፋ ጠባሳ ይተዋል። ሁለቱን በጎች አጠገብ ለአጠገብ አቁሚና ጆሯቸውን አወዳድሪ። መመሳሰላቸው ብቻውን አያስጠረጥር፤ አንድ በግ ሲቀርጽ የኖረ ሰው እጁ ያንኑ በግ ያወጣል። ጠባሳው ሳይቀር አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ግን ማሽን ነው።

«በእጅ» ሲባል ሁሉ ነገር በቢላ ነው ብለሽ አትጠብቂ። እንጨቱ በመጋዝ ማሽን ይቆረጣል፣ በገጀራ ይጠረባል፣ ከዚያ ነው መሮ የሚገባው። ብዙ ቤት አባትየው ይቀርጻል፣ ልጆች ያለሰልሳሉ፣ እናት ትቀባለች። ማጭበርበር አይደለም፣ የቤተሰብ ሥራ ነው። ማጭበርበር የምለው ሌላ አለ፦ ትናንት የተሠራውን አሮጌ ማስመሰል። ጓቲማላ ውስጥ ያለው የቺቺካስቴናንጎ ከተማ ገበያ ሐሙስና እሑድ ይቆማል፤ እዚያ «የአያቴ ነው» እየተባለ የሚሸጠው ጭምብልና ቅርጽ አብዛኛው ሆን ተብሎ የጠቆረ ነው። አሽትቺው። የጫማ ቀለም ከሸተተሽ ዕድሜው የዚያ የጫማ ቀለም ዕድሜ ነው።

ከጥያቄሽ ሥር አንድ ወንድም «ማያዎች ከጠፉ ሺህ ዓመት አልሆናቸውም ወይ?» ብሎ ጽፏል። የጠፉት በቆላው ጫካ ውስጥ ያሉት ከተሞቻቸው ናቸው እንጂ ሰዎቹ አይደሉም። በ2018 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከጓቲማላ ሕዝብ 41.7 በመቶው ማያ ነው፤ ከ6 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። ቋንቋቸውም አንድ ሳይሆን 22 ነው። ስለዚህ ሻጩን የምትጠይቂው «ማያ ነው?» ብለሽ ሳይሆን «የየትኛው ከተማ ሥራ ነው?» ብለሽ ነው። ኪቼ፣ ካክቺኬል፣ ጹቱሂል፣ ማም የሚባሉት የማያ ሕዝቦች የየራሳቸው አገር፣ የየራሳቸው ልብስ አላቸው። ጥሩ ቀራጭ ደግሞ ማርያምን የራሱን መንደር ልብስ ነው የሚያለብሳት። በአቲትላን ሐይቅ ዳር ያለችው የሳንቲያጎ አቲትላን ሴት ረጅም ቀይ ጥብጣብ በራሷ ዙሪያ ደጋግማ ጠምጥማ እንደ ሰሃን ክብ ታደርገዋለች። የጓቲማላ የ25 ሳንቲም ላይ ያለችው ሴት የዚያች ከተማ ሰው ናት፣ ጥምጥሙም አለ። ይህንኑ ጥምጥም ያደረገች የእንጨት ማርያም ሱቃችን መጥታ ነበር፤ ከፊት ለፊት ስታያት በእኛ ሥዕላት ላይ ያለውን አክሊለ ብርሃን ነው የምትመስለው። ዮሴፍ ቶዶስ ሳንቶስ የሚባለውን ከተማ ቀይ ባለመስመር ሱሪ ለብሶ፣ የሣር ባርኔጣ ደፍቶም አይቻለሁ። እኔ እንዲህ ያለውን ነው የምወደው። ፂማም ፈረንጅ ዮሴፍማ ከየትም ይገዛል።

ግርግሙ ራሱ ከስፔን ነው የመጣው። ጓቲማላ ውስጥ ልማዱን ያስፋፋው ኤርማኖ ፔድሮ ነው ይባላል፤ አንቲጓ ከተማ ለድኾች ሆስፒታል ያቆመ፣ በ1667 እ.ኤ.አ. ያረፈ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ቅዱስ የተባለ መናኝ ነው። ማያዎቹ ግን የተሰጣቸውን እንዳለ አልገለበጡም። የሳንቲያጎ አቲትላን ቤተ ክርስቲያን መንበር ጀርባ ያለው ትልቅ የእንጨት ቅርጽ በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቶ ሁለት ጹቱሂል ወንድማማቾች ሲያድሱት የራሳቸውን ተራራና በቆሎ አስገብተውበታል። በነገራችን ላይ በኪቼዎች የፍጥረት ታሪክ፣ በፖፖል ቩህ፣ አማልክቱ ሰውን ከጭቃ ሞክረው ፈረሰባቸው፤ ቀጥሎ ወንዱን ጺቴ ከሚባል እንጨት ሠሩት፣ ልብ ስላልነበረው አጠፉት፤ በመጨረሻ በበቆሎ ሆነላቸው። ጺቴ የእኛው ኮርች የቅርብ ዘመድ ነው።

ወደ ስንጥቁ ልምጣ። እንጨት የሚሰነጠቀው ሲደርቅ ነው፣ ሂተር ደግሞ ያደርቃል። ገልብጠሽ ሥሩን ስታዪ የክቦቹ መሐል፣ ማለትም የግንዱ እምብርት፣ ቅርጹ ውስጥ ካለ ያ ቁራጭ አንድ ቀን መሰንጠቁ አይቀርም። ክቦቹ እንደ ቅስት ካለፉና እምብርቱ ውጭ ከቀረ ግን አይዞሽ። ከሂተሩ አፍና ከመስኮት ፀሐይ አርቂው፣ በውኃ አትጠቢው፣ በደረቅ ብሩሽ አቧራውን አራግፊ። ሴድሮ የሚሉት ቀላ ያለ፣ ሽታው ደስ የሚል እንጨት ከሆነ ነፍሳት ብዙም አይደፍሩትም። ሌላ እንጨት ከሆነና ከሥሩ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ካየሽ ነቀዝ ገብቶበታል። በፕላስቲክ ጠቅልለሽ፣ አየሩን አስወጥተሽ፣ ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አቆዪው። ስታወጪው ቶሎ አትፍቺው፤ ላቡ ፕላስቲኩ ላይ ይቅር።

የኦርቶዶክሱን ነገር የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ እኔ መምህር አይደለሁም። በእኛ ትውፊት የሚሰገድለት ሥዕል ነው፤ ቅርጽ ብርቅ ነው፣ የላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ የተቀረጹት ቅዱሳን ሳይረሱ። እኔ ቤት ከጸሎት ቦታ ተለይቶ ሳሎን ነው የሚቀመጠው፣ ለልጆቹ ታሪኩን ለማስረዳት። ጊዜውም ይመቸናል። ጓቲማላውያን ሕፃኑን ቀድመው አያወጡትም፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 24 እኩለ ሌሊት ላይ ነው ግርግሙ ውስጥ የሚያስተኙት፣ ሁሉንም የሚያነሱት ደግሞ ብዙ ቤት ፌብሩዋሪ 2 ነው። የእኛ ገና መሐሉ ላይ ይውላል። እኛ ሕፃኑን በታኅሣሥ 28 ማታ ነው የምናስገባው፣ ልጆቹ በየተራ። ሥሩን ማስዋብ ካማረሽ እነሱ ሰጋቱራ አረንጓዴና ቡናማ ቀለም ነክረው ሜዳና ኮረብታ ያደርጉበታል፤ ከአናጺ ቤት በነፃ ይገኛል።

ዋጋው? ቁራጮቹ የመዳፍ ርዝመት ካላቸው፣ እጥፋታቸው የተቀረጸና የተቀቡ ከሆኑ 140 ዶላር ውድ አይደለም። አውራ ጣት የሚያህሉ ልሙጦች ከሆኑ ተከራከሪ። በባዛሩ የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ ሂጂ፣ ነጋዴ ዕቃ ጭኖ መመለስ ስለማይወድ ይቀንስልሻል። ሻጩ ራሱ ቀራጩ ወይም የቤቱ ሰው ከሆነ ግን እኔ አልከራከርም።