ሳላዘው ኪስ የገባ እጅ

ልጆቼ፣

ሲጋራ ካቆምኩ 11 ዓመት ሆኖኝ ነበር። አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ስልክ ጠራ፤ እጄ ሳላዘው ወደ ደረት ኪሴ ሄደ። ድሮ ስልክ ሳነሳ ሲጋራ የምለኩስ ሰው ነበርኩ። ኪሱ ባዶ ነው፤ አምሮቱ ግን ትናንት ያቆምኩ ይመስል መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ መማር ሳስተምር የኖርኩ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝና ከድንጋጤዬ ሳቄ ቀደመ።

አጫሽን «ወኔ የለውም» ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። አጫሽ ትምህርቱን ከልክ በላይ ያጠና ሰው ነው። ራሳችሁ አስሉት፦ በቀን 20 ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከእያንዳንዱ 10 ጊዜ ያህል ቢስብ በዓመት 73,000 ጊዜ ተለማመደ ማለት ነው። የማባዛት ሠንጠረዥን እንኳ እንዲህ ያጠናነው የለንም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ድመቶችን ሳጥን ውስጥ ዘግቶ ሲመለከት ያስተዋለው ነገር፣ ደስ የሚል ውጤት ያስገኘ ድርጊት እንደሚደጋገም ነው። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስኪነር ይህንኑ አስፋፋው። ሽልማቱ ድርጊቱን ወዲያው ሲከተል ትምህርቱ ይጠነክራል። ከጭሱ ጋር የተሳበው ኒኮቲን ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ አንጎል ደርሶ ዶፓሚን የተባለውን የሽልማት ኬሚካል ያስለቅቃል፤ የሳንባ ካንሰሩ ግን የሚመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በፓኬቱ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ እያነበበ የሚለኩሰውን ሰው ሞኝ አትበሉት።

የመጀመሪያው ሲጋራ ግን ለብዙ ሰው አይጥምም። ያስላል፣ ያጥወለውላል። ታዲያ ሰው ለምን ሁለተኛውን ይለኩሳል? የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ ሰው ሌላውን እያየ እንደሚማር አሳይቷል፤ ያን ጊዜ ሽልማቱ ያለው በጭሱ ውስጥ ሳይሆን በጓደኞቻችን ፊት ላይ ነው። ኒኮቲን ሥራውን የሚረከበው በኋላ ነው።

ከተረከበ በኋላ ያለው ደግሞ ተንኮለኛ ነው። በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሰውየው ይቁነጠነጣል፣ ይነጫነጫል። ሲያጨስ ይረጋጋል። በሙያችን ይህ አሉታዊ ማጠናከሪያ ይባላል (ስሙ መጥፎ ነው፤ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ከቅጣት ጋር ያምታቱታል)፤ መጥፎ ስሜትን የሚያስወግድ ድርጊት ይጠነክራል ማለት ነው። «ሲጋራ ያረጋጋኛል» የሚል ሰው አልዋሸም። ግን ሲጋራው እሳቱን ራሱ ለኩሶ ውኃ ተሸክሞ የሚደርስ ጎረቤት ነው።

የኔ ስልክ ነገር የሩሲያዊው ሳይንቲስት የፓቭሎቭ ነው። የሙከራ ውሾቹ ከምግብ ጋር የተቆራኘውን ድምፅ ሲሰሙ ምግቡ ሳይመጣ ምራቃቸው ይፈስ ነበር። ድምፁ ያለ ምግብ ሲደጋገም ምራቁ ይቆማል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ሲሰማ ግን ዳግም ብቅ ይላል። የተማሩት ነገር አልጠፋም፤ ሌላ ትምህርት ተደረበበት እንጂ።

ስለዚህ ለማቆም ያሰባችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይከብዳሉ፤ የሰውነቱ ጭንቀት በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይበርዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀራችሁ ስልኩ፣ ቡናው፣ ጠቡ ነው። እያንዳንዱን ቦታ ሳታጨሱ ደጋግማችሁ ማለፍ አለባችሁ፤ አንዱ ቦታ ላይ የተማራችሁት ሌላው ላይ ሁልጊዜ አይሠራም። «አንድ ብቻ» የምትለዋን ግን ፍሯት። አልፎ አልፎ የሚሸለም ልማድ ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ ለመጥፋት ያስቸግራል። እኔ ሁለት ጊዜ የወደቅኩት በእሷ ነው።

በዚያ የደረት ኪሴ አሁን እስክሪብቶ አለ። ስልክ ሲጠራ እጄ ዛሬም ይሄዳል፤ እስክሪብቶውን ይዞ ይመለሳል።