ማስቲሽ፣ ፊኛ፣ ቲነር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ ጫት ከጻፍኩ በኋላ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለሚሳቡ ነገሮች ነበሩ። አራቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ልብሱ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ትናንት ቦርሳው ውስጥ ማስቲሽ የተቀዳበት ሃይላንድ አገኘሁ። አባቱ አልሰማም፤ ከሰማ ይገድለዋል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ አባቱ ይወቅ። ግን ዱላ እንደማያነሳ መጀመሪያ ቃል ያስገቡት። ይህን የምለው ለልጁ አዝኜ ብቻ አይደለም። ማስቲሽ ውስጥ ያሉት እንደ ቶሉይን ያሉ ኬሚካሎች ልብ ሰውነት ሲደነግጥ ለሚያመነጨው አድሬናሊን ከልክ በላይ ስሱ እንዲሆን ያደርጋሉ። ልጁ በሳበበት ሰዓት ቢደነግጥ፣ ቢሮጥ ወይም ቢደባደብ የልብ ምቱ ተዛብቶ እዚያው ሊቆም ይችላል። ሚላርድ ባስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እንዲህ በድንገት የሞቱ 110 ወጣቶችን ጉዳይ በ1970 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ለመሞት የዓመታት ሱሰኛ መሆን አያስፈልግም፤ በመጀመሪያው ቀን የሚቀሩም አሉ።

ስለዚህ ሲስብ ቢያገኙት አይጩኹበት፣ አያባርሩት። ረጋ ብለው ይቀበሉት፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ያስቀምጡት። ክብሪት አይጫሩ፤ ትነቱ ይቀጣጠላል። ራሱን ከሳተ በጎኑ ያስተኙትና ቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ፤ ቁጥሩ 907 ነው። ወሬውን ግን ለነገ ያቆዩት፤ የሰከረ ልጅ ምክር አይሰማም።

ምልክቶቹንም ልንገርዎ። አፍና አፍንጫ ዙሪያ መቅላትና መቁሰል፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ መጠጥ ሳይሸት መንገዳገድ። ሱሱን የሚያጠፋ ኪኒን የለም። ልብ፣ ኩላሊትና ነርቭ ይመረመራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም የምክር ሥራ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። “አማኑኤል” ሲባል ሰው ስለሚያወራው ብለው እንዳይቀሩ።

ጥያቄ፦ መርካቶ የጫማ ዕቃ እሸጣለሁ። የጎዳና ልጆች ሃይላንድ ይዘው እየመጡ “ማስቲሽ ቅዳልን” ይሉኛል። እኔ እምቢ ብል ጎረቤቴ ይቀዳላቸዋል። ኃጢአቱ የኔ ነው?

መልስ፦ ኃጢአቱን ለንስሐ አባትህ ተወው። እኔ የምልህ አትቅዳላቸው ነው። ጎረቤትህ የሚቀዳው ላንተ መቅጃ ምክንያት አይሆንህም። የታሸገውን ቆርቆሮ ለምታውቀው ጫማ ሰሪ ሽጥ፤ እየቀነሱ በሃይላንድ መሸጥ ግን ለማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

ልጆቹ ለምን እንደሚስቡ ጠይቃቸው። “ረሃቡን ያስረሳል፣ ብርዱን ይከላከላል” ይሉሃል። ግማሽ ሰዓት ያህል እውነት ነው። ብርዱ ግን አልሄደም፤ የማይሰማው ልጅ አስፋልት ላይ እንደተኛ ያድራል። አንዳንዱ ማስቲሽ ውስጥ ያለው ሄክሴን ደግሞ የእግርና የእጅ ነርቭ ይበላል፤ መጀመሪያ ይደነዝዛል፣ ቆይቶ መራመድ ያቅታል። ቶሉይን የአንጎል ነርቮች የተሸፈኑበትን ስብ ይጎዳል። ያ ልጅ ነገ ጎዳናውን ቢለቅ እንኳ ትምህርት አልገባ ይለዋል። ሳንቲም ሲጠይቁህ ዳቦ ግዛላቸው።

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምኖረው። የእህቴ ልጅ ፓርቲ ላይ ፊኛ ይስባል። “ሐኪም ቤትም ይሰጣል፣ ምንም አያደርግም” ይላል።

መልስ፦ ፊኛው ውስጥ ያለው ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ሐኪም ቤት ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ በባለሙያ ይሰጣል። ጋዙ ግን ቫይታሚን ቢ12ን ከጥቅም ውጭ ያደርጋል። ደጋግሞ የሚስብ ሰው ሕብለ ሰረሰሩ ይጎዳል፤ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል። ቢ12 የምናገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ቤተሰቡ ጾም አጥባቂ ከሆነና የልጁ ክምችት ቀድሞውንም አነስተኛ ከሆነ ጉዳቱ ይፈጥናል። እግሬ ደነዘዘ ካለ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው፤ ፊኛ መሳቡንም ሳይደብቅ ይናገር። እንግሊዝ ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋዙን ለመሳብ ብሎ መያዝን እንኳ ወንጀል አድርጋዋለች።

ጥያቄ፦ የመኪና ቀለም ቀቢ ነኝ። የቲነር ሽታ ደስ ይለኛል። ሱስ ይዞኝ ይሆን?

መልስ፦ ሽታው ደስ ማለቱ ብቻ ሱስ አይደለም። በእረፍትህ ቀን ጨርቅ ነክረህ የምታሸት ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለማንኛውም በር ከፍተህ ሥራ፤ የጨርቅ ማስክ ትነት አያስቀርም፣ የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ግዛ። ማታ ማታ ራስህን የሚያምህ ከሆነ ለሐኪሙ ሥራህ ምን እንደሆነ ንገረው።