የእማማ ደብተር

ባለፈው ሳምንት ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስቆመችኝና "ጋሼ፣ የማንም ፓርቲ ሳንሆን ስለ ውሃ ብንጠይቅ ማን ይሰማናል?" አለችኝ። ደህና መልስ አልሰጠኋትም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ትዝ ያለኝ 1997 ነው።

ያኔ ጥብቅና ከጀመርኩ አሥር ዓመት ሆኖኛል። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው ቢበዛ በሳምንት አንዴ ነው፣ እሱም ሌሊት። የአንገረብ ግድብ ደለል ያዘው ይባል ነበር። እኛ ግን የጠየቅነው አዲስ ግድብ አልነበረም። ተራው ለሁሉም ሰፈር እኩል ይድረስ፣ ፕሮግራሙም ይለጠፍልን፣ በቃ። ከእድሩ ሰዎች ጋር ፊርማ ማሰባሰብ ጀመርን። ዋናው ማስረጃችን የአንዲት እናት ደብተር ነበር። እማማ ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ ውሃ በመጣ ቁጥር የልጅ ልጃቸው ቀኑንና ሰዓቱን፣ ስንት ጀሪካን እንደሞላም ትጽፍላቸው ነበር። የስምንት ወር መዝገብ! ፍርድ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ የጠራ ማስረጃ እምብዛም አልገጠመኝም።

የምርጫ ሰሞን ነበርና አንድ እጩ መጣ። "ደብዳቤያችሁን መድረክ ላይ ላንብብላችሁ" አለኝ። ቸኩዬ ነበር፣ ማንንም ሳላማክር እሺ አልኩት። አነበበው፤ ተጨበጨበለት። በማግስቱ የውሃው ጥያቄ የፓርቲ ጥያቄ ሆኖ አደረ። ከፈረሙት ብዙዎቹ ስማችን ይሰረዝ ብለው መጡ። እማማም ማታ በነጠላቸው ተሸፋፍነው በሬን አንኳኩ። "ልጄ፣ እኔ ውሃ ነው ያልኩህ። ደብተሬን ስጠኝ።" ሰጠኋቸው። ከዚያ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ መንገድ ላይ ሳያቸው ዞሬ እሄድ ነበር። ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ ሲሞላ ሁሌ እሳቸው ይታወሱኛል፤ "ይህን ሁሉ ውሃ ዓይቼ እንኳ ልጥገብ" ይሉ ነበር።

እንግዲህ ለዚያች ተማሪና ለጓደኞቿ መልሴ ይኸው፦ ማህበር አቋቁሙ፤ ማህበራችሁ በአንድ ጉዳይ አቋም ይያዝ፣ እጩ ግን አይደግፍ። አባላቱ በግላቸው የፈለጉትን ይምረጡ። እጩዎቹን ሁሉ በአንድ ቀን ጥሩ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ፣ መልሳቸውን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ለሕዝቡ አድርሱ። ሕጉ በኩል ዛሬ ይሻላል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 ከ10 በመቶ በላይ ገቢውን ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ሽሮታል፣ ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል መወትወትም ተፈቅዷል። ስለ መረጃ ነፃነት በወጣው አዋጅ 590/2000 ደግሞ መንግሥት ቤት መረጃ በጽሑፍ ከጠየቃችሁ በ30 ቀን ውስጥ ሊመልስላችሁ ይገባል። ተጠቀሙበት እንጂ!

እናንተ ልጆች ባዶ ጀሪካን ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ ትለቃላችሁ፣ በሦስተኛው ቀን ረስታችሁታል። ይህ ያናድደኛል። አትቸኩሉ እላችኋለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር የኛ ትውልድስ ጠብቆ ጠብቆ ምን አገኘ? ዛሬም ጀሪካን ተሰልፎ አያለሁ።

የእማማ የልጅ ልጅ አሁን አዘዞ ነው የምትኖረው። ደብተሩ እሷ ጋ ይኑር አይኑር አላውቅም። በዚህ ሳምንት ሄጄ እጠይቃታለሁ።