ጣሪያቸው የሚታጠፍ የኤሌክትሪክ ቅንጡ መኪኖች፦ ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት

የመርሴዲሱን «ቪዥን ማይባኽ 6 ካብሪዮሌ» ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ከድሬዳዋ ሰፈሮችና ከሐረር ጥያቄው ጎርፏል። ኮንሴፕት፣ ማለትም ለማሳያ ብቻ የተሠራ መኪና ስለሆነ ዋጋውን አትጠይቁኝ፤ ለሽያጭ አልተሠራም።

ከከዚራ፦ አቦ፣ የነዳጅ ሞተር ከሌለው ያ ሁሉ ኮፈኖ ለምን?
ለግርማ ሞገስ ነዋ! በ2017 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ፔብል ቢች ላይ ሲታይ ርዝመቱ 6 ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ የሚጭነው ግን ሁለት ሰው። ባትሪው ወለሉ ሥር ተነጥፏል። ረጅም አፍንጫ ድሮ የትልልቅ ሞተሮች ግድ ነበር፤ ዛሬ ጉራ ነው። ያምራል፣ አልክድም።

ከሳቢያን፦ ጣሪያ ከሌለው ቦዲው አይጣመምም?
ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ጣሪያ የፊትና የኋላውን አካል አያይዞ ይይዛል። እሱ ሲነሳ ከበሩ ሥር ያለው ብረትና የፊት መስታወቱ ቋሚዎች መወፈር አለባቸው። የባትሪው ሣጥን ከወለሉ ጋር በብሎን ሲታሰር ለጥንካሬው ያግዛል። ችግሩ፣ ወለሉን ከፍ ያደርጋል፤ ወንበሩም አብሮ ይነሳል፣ ጎኑ ይወፍራል። የማይባኹ ቸርኬ 24 ኢንች ነው፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ቸርኬ ያንን ውፍረት ከዓይን ይደብቃል። ማዘራቲ ለገበያ ባወጣው «ግራንካብሪዮ ፎልጎሬ» ላይ ግን ባትሪውን በ«T» ፊደል ቅርጽ ሠርቶ ከወንበሮቹ ሥር እንዳይሆን አደረገው፤ ሹፌሩ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ለእኔ ከኮንሴፕቶቹ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ከገንደ ቆሬ፦ የሚረዝምና የሚያጥር መኪና አለ ይባላል፣ እውነት ነው?
እውነት ነው፤ የ2021 እ.ኤ.አ. «አውዲ ስካይስፌር»። ከ4.94 ሜትር ወደ 5.19 ይዘረጋል። ሲዘረጋ ራሱን እንዲነዳ ታስቦ ነው፤ መሪውና ፔዳሉ ይደበቃሉ። መሪው ከጎማው ጋር በብረት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሽቦ ስለሚገናኝ ነው ይህ የተቻለው።

ከመጋላ፦ የድሬን ፀሐይ ይችላል?
መኪናው ይችል ይሆናል፣ አንተ እንጂ! እኩለ ቀን ላይ ጣሪያ ከፍተህ ቆዳ ወንበር ላይ ተቀመጥና ንገረኝ። የማይባኹ የጣሪያ ሸራ በወርቃማ ክር የተሸመነ ነው፤ የደቻቱ አቧራ ምን እንደሚያደርገው አስቡት። ወደ ሐረር ስትወጣ የደንገጎ ዳገት ባትሪህን ይበላል፤ ስትወርድ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ዲናሞ ሆኖ ከፊሉን ይመልሳል።

ከሐረር፣ ሸዋ በር፦ የአባቴን ፔጆ 404 ጣሪያዋን ቆርጬ ኤሌክትሪክ ላደርጋት አስቤያለሁ።
ወንድሜ፣ ኤሌክትሪኩ ይሁን፣ መጋዙን ግን አስቀምጥ። 404 የተለየ ሻንሲ የላትም፤ ቦዲዋ ራሱ ነው የሚሸከማት። ጣሪያዋ ከተቆረጠ መሐሏ ይረግባል፣ በሮቿም አይገጥሙም። የጣሊያኑ ንድፍ ቤት ፒኒንፋሪና የነደፋት ይህቺ መኪና ኮፈኖዋ ዝቅ ያለው ሞተሯ 45 ዲግሪ ተጋድሞ ስለገባ ነው። ሞተሩን ካወጣህ እዚያ ባትሪ ይገባል፣ ግን ክብደቱን ለካ፤ የፊት ሞላዎቿ የተሠሩት ለዚያ ሞተር ነው። መጀመሪያ ከበሮቹ ሥር ያለውን ብረት በመዶሻ ቀስ ብለህ ምታው፤ ዝገት ከረገፈ ስለ ባትሪ ከማሰብህ በፊት ብየዳ ያስፈልጋታል።